በቀን አራት ሆት ዶግ

ስሜ ትርሲት ነው። ሀዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ ሆት ዶግ እሸጣለሁ። ሱቄ አንዲት ቀይ ኮንቴነር ናት፤ ውስጧ ፍሪጅ፣ የኤሌክትሪክ መጥበሻና አንድ ዱካ አለ። ይህን የምጽፈው ጠዋት ሲነሱ ማጅራታቸውን እያሹ «ድካም ነው» ለሚሉ ሰዎች ነው። እኔም ስምንት ወር ሙሉ ድካም ነው እያልኩ ቆይቻለሁ።

ያን ጊዜ በቀን አራት ሆት ዶግ እበላ ነበር። ጠዋት ሱቅ ስከፍት የተሰነጠቀውን አንድ፣ ምሳ ሰዓት ሁለቱን ዳቦ ውስጥ ከትቼ፣ ሲመሽ ደግሞ መጥበሻው ላይ የቀረውን። የተሰነጠቀ ሆት ዶግ ለደንበኛ አይሰጥም፤ መጣል ደግሞ አልችልም። ያደግኩት ወላይታ ነው። እኛ ቤት ስጋ ጠግበን የምንበላው ለመስቀል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ የምናወራው ስለዚያ ስጋ ነው። ስለዚህ እኔ በየቀኑ ስጋ የምበላ ሴት መሆኔ ያኮራኝ ነበር። ሆት ዶጉ የታሸገበት ፓኮ ላይ በትልቁ «መቶ በመቶ የበሬ ስጋ» ተብሎ ተጽፏል። ባለቤቴ ማርቆስ ሚኒባስ ይነዳል፤ ሽሮ አቅርቤለት «አንቺስ?» ሲለኝ «እኔ ስጋዬን በልቼ ነው የመጣሁት» እለው ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ራስ ምታት ነው። ከማጅራቴ ይነሳና ወደ ግንባሬ ይወጣል፤ ጠዋት ይብስበታል። ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቴ ማበጥ ጀመረ፤ ካልሲዬን ሳወልቅ ምልክቱ እግሬ ላይ እንደ ገመድ ይቀራል። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። በመጨረሻ ዓይኔ ደከመ። ደንበኛ በስልክ ከፍሎ መልእክቱን ሲያሳየኝ ቁጥሩ ተደባልቆ ይታየኛል፤ «እሺ፣ ገብቷል» ብዬ እሸኘዋለሁ እንጂ ስንት እንደገባ አላየሁም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ደሜን ወስደው ታይፎይድና ታይፈስ አሉኝ። እኛ አገር ራሱን ላመመው ሰው ሁሉ የሚሰጥ ስም ነው። የአሥር ቀን ክኒን ዋጥኩ፤ ራስ ምታቱ አልነቃነቅ አለ። ሁለተኛው ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብለው ቡናና በርበሬ ከለከሉኝ። እዚያ ግድግዳው ላይ የደም ግፊት መለኪያ ተሰቅሎ ነበር። «ይኼን አትለኩኝም?» ብዬ ጠይቄያለሁ። የመረመረኝ ልጅ «ተበላሽቷል፣ ደግሞ ገና ወጣት ነሽ» አለኝ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሙገሳ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ሦስተኛው ቦታ ጭንቀት ነው ተባልኩ። የጸሎት ቡድናችን ሴቶች ቤት መጥተው ጸለዩልኝ፤ ለእሱ አመሰግናቸዋለሁ፤ ግን ከመሃላቸው አንዷ ስትወጣ «ትርሲት ሥራ ሲበዛባት መታመም ትወዳለች» ስትል በመስኮት ሰማኋት። ማርቆስም መሰልቸት ጀመረ።

«ሐኪም ቤት መዞር ለመድሽ» አለኝ አንድ ጠዋት።

«የሚያመኝ እኔን ነው ወይስ አንተን?»

«ሦስት ሐኪም አይቶሽ ምንም አላገኘም። ምን ላድርግ?»

የሚለው ጠፍቶት ነው፤ ዛሬ ይገባኛል። ያኔ ግን ሳላናግረው ሱቄን ልከፍት ወጣሁ።

ያዳነኝ መነጽር ፍለጋ ነው። ቢያንስ ዓይኔን ላስተካክል ብዬ የዓይን ክሊኒክ ገባሁ። የመረመሩኝ ሲስተር ወርቅነሽ የሚባሉ በዕድሜ ጠና ያሉ የዓይን ነርስ ናቸው። ጠብታ ጨመሩብኝ፣ ጨለማ ክፍል አስቀመጡኝ፣ በመብራት ዓይኔን ውስጡን አዩ። ደግመው አዩ። ቸኩዬ ነበር፤ ሱቁን ዘግቼ ነው የመጣሁት።

«ሲስተር፣ መነጽሩን ብቻ ይዘዙልኝ፣ ልሂድ።»

«መነጽር አላዝልሽም።»

«ለምን?»

«ዓይንሽ ውስጥ ደም አየሁ፣ ልጄ። ግፊትሽን ተለክተሽ ታውቂያለሽ?»

ለኩኝ። ሌላውን ክንዴን ለኩ። ላይኛው ሁለት መቶ ሃያ፣ ታችኛው መቶ ሠላሳ። ቁጥሩ ለእኔ ምንም ትርጉም አልነበረውም፤ የፈራሁት ፊታቸውን አይቼ ነው።

«በእግርሽ ነው የመጣሽው?»

«አዎ።»

«ስትመለሺ በእግርሽ አትሄጂም።»

ነጭ ጋውናቸውን ሳያወልቁ ክፍላቸውን ቆለፉ፤ ባጃጅ አስቁመው እኔን አስገብተው ራሳቸው አጠገቤ ተቀመጡ። መንገዱን ሁሉ እጄን ይዘውኝ ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ ካርድ ክፍሉ ጋ የነበረውን ረጅም ሰልፍ አልፈው ድንገተኛ ክፍል አስገቡኝ፤ የተሰለፈው ሰው ሲያጉረመርም «እሷ ከተቀመጠች ላትነሳ ትችላለች» አሉት። ከፊት የቆሙት መንገድ ለቀቁልን።

ስድስት ቀን ተኛሁ። ግፊቱን በአንዴ አያወርዱትም፤ ቀስ እያሉ ነው። የልብ ምርመራው የልቤ ግድግዳ ከልክ በላይ ጠንክሮ መወፈሩን አሳየ፤ ብዙ ዓመት ከግፊት ጋር ሲታገል የኖረ ልብ እንደዚያ ይሆናል አሉኝ። ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን ተገኘ፤ እሱ ደግሞ የኩላሊት ወንፊት መሳሳቱን የሚናገር ምልክት ነው። ኩላሊቴ ምን ያህል እንደተጎዳ የሚያሳየው የደም ውጤት ቀረ።

ያንን ውጤት ላብራቶሪ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። በኮሪደሩ ጫፍ ደም በማሽን የሚታጠብበት ክፍል አለ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ውስጡን አያለሁ፤ ሰዎች ክንዳቸው ላይ ቱቦ ተተክሎ ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ። አንዷ በእኔ ዕድሜ ናት። ጥፍሯን ቀይ ተቀብታለች። በዚያ ወንበር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ፤ ካለቀስኩ በኋላ ግን ተናደድኩ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ያንን ጨርቅ ክንዴ ላይ ጠምጥሞ ቢነፋ ኖሮ እዚህ አልቀመጥም ነበር። ሦስት ቦታ ሄጃለሁ! ንዴቱ ከፍርሃቱ ተሻለኝ። እስከ ዛሬም ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ እሱ ነው።

ከአልጋዬ አጠገብ የተኙት እትዬ ዳንጊሴ የሚባሉ የሲዳማ እናት ነበሩ፤ እሳቸውም ግፊት ነው ያስተኛቸው። ልጆቻቸው ጨው የሌለው ዋሳ፣ ማለትም ቆጮ፣ ከጎመን ጋር ያመጡላቸዋል፤ ከቆጮው ቆርሰው ለእኔ ያካፍሉኛል። መጀመሪያ ስቀምሰው ወረቀት ወረቀት አለኝ። ፊቴን ሲያዩ ሳቁ።

«ሦስት ቀን ቻዪ» አሉኝ። «ምላስ ሦስት ቀን ያለቅሳል። ከዚያ ዝም ይላል።»

እውነታቸውን ነው። በአራተኛው ቀን ጎመኑ ጎመን ጎመን አለኝ።

ውጤቱን የነገረችኝ ዶክተር ሳምራዊት ናት፤ የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ከእኔ በብዙ የምታንስ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ኩላሊትዎ ተጎድቷል» አለችኝ። «ግማሽ ያህል አቅሙን አጥቷል። ግን ማሽን የሚያስፈልገው ደረጃ ላይ አልደረሰም። እንዳይደርስ ማድረግ እንችላለን። ምንድን ነው የሚበሉት?»

«ስጋ» አልኩ በኩራት።

«ምን ዓይነት ስጋ?»

«ሆት ዶግ። የራሴ ሱቅ አለኝ። የበሬ ስጋ ነው፣ መቶ በመቶ።»

«በቀን ስንት?»

ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ነገ ፓኮውን ያስመጡልኝ» አለች።

ማርቆስ ባዶ ፓኮ አመጣ። ዶክተሯ ገልብጣ ከኋላው ያለውን አሳየችን። ሰባት ዓመት ያንን ፓኮ በቢላ ቀድጃለሁ፤ ጀርባውን አንብቤው አላውቅም። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከጉንዳን ያንሳል። እሷ እያነበበች ወደ አማርኛ መለሰችልን።

«ይኼ ሁሉ ለአንድ ፍሬ ነው፣ ለአርባ አምስት ግራም። ፕሮቲን፣ አምስት ግራም። አንድ እንቁላል ይበልጠዋል። ስብ፣ አሥራ ሦስት ግራም። ከዚህ ከሚያገኙት ጉልበት አብዛኛው ከስጋው ሳይሆን ከስቡ ነው። ሶዲየም፣ አራት መቶ ሰማንያ ሚሊግራም።»

«ሶዲየም ምንድን ነው?» አለ ማርቆስ።

«ከጨው ውስጥ ግፊት የሚያመጣው ክፍል ነው።» ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤ ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት ያመጣችው ጨው ነበር። በሻይ ማንኪያ ለካችው። «አንድ ሰው በቀን ከዚህች ማንኪያ የበለጠ ጨው ባይበላ ይመከራል። ከወጥም፣ ከዳቦም፣ ከሁሉም ተደምሮ። አራት ሆት ዶግ ብቻውን ማንኪያዋን ሊሞላት ምንም አይቀረው።» ወረቀቱን አልጋው ላይ አስቀመጠችው። «ዳቦው ላይ ጨው አለ። ካቻፑ ላይ አለ። ማታ ደግሞ ቤት ገብተው ወጥ ይበላሉ።»

«እንበላለን» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ይቺን የመጨረሻዋን ቃል ያያሉ? ናይትራይት ትላለች። እንዳይበላሽና ቀይ መልኩን እንዳያጣ የሚጨመር ነው። እንዲህ ያለ የተዘጋጀ ስጋ በየቀኑ የሚበላ ሰው ለአንጀት ካንሰርም ያለው ዕድል ከፍ ይላል።»

ማርቆስ ፓኮውን ከእጇ ተቀብሎ ፊት ለፊቱን አየ። «መቶ በመቶ የበሬ ስጋ ይላል እኮ።»

«አልዋሹም። የበሬ ነው። ዶሮ ወይም ሌላ ስጋ አልተቀላቀለበትም ማለት ነው። ጨውና ስብ የለበትም ግን አላሉም።»

ከዚያ አንድ ነገር ጨመረች፤ እዚህ ሳልጽፈው ማለፍ አልፈልግም። «ሆት ዶጉ ብቻውን አላሳመመዎትም። ቤተሰብ ውስጥ ግፊት ያለበት አለ?» አባቴ ማሳ ላይ እንደቆመ ወድቆ ነው የሞተው። እኛ ቤት ማንም ተለክቶ አያውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ «ሰው ነው የገደለው፣ መድኃኒት አድርገውበት ነው» ሲል ኖሯል፤ በዚያ ወሬ ምክንያት ሁለት ቤተሰብ እስከ ዛሬ አይነጋገርም።

ከሆስፒታል ስወጣ ሁሉም ሰው መካሪ ሆነ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም «ከእንግዲህ ቁጭ በይ፣ ኩላሊት አንዴ ከተነካ አለቀ» አለኝ፤ አልቅሶ ሊቀብረኝ የመጣ ነው የሚመስለው። ያቺ በመስኮት የሰማኋት የጸሎት ቡድናችን ሴትዮ «ክኒኑን በእምነት ተዪው» አለችኝ። «እግዚአብሔር ሲስተር ወርቅነሽን የላከልኝ ክኒኑን እንድጥል አይደለም» ብዬ መለስኩላት። በየቀኑ ሦስት ዓይነት ክኒን እውጣለሁ። ዕድሜ ልክ ነው ተብያለሁ። ይሁን፤ ዕድሜው ይኑረኝ እንጂ።

ሱቄን መልሼ ከፈትኩ። ሽያጩን ልተው አስቤ ነበር፤ ሆኖም ሁለት ልጆች ትምህርት ቤት አሉኝ፣ ሌላ ሥራ አላውቅም። ግን አውቄ እንደማላውቅ መሆን አልቻልኩም። ምሳ ሰዓት የሚመጡትን ሳይ፣ ዩኒፎርም የለበሱ ጥበቃዎች፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ ተማሪዎች፣ ሁሉም እንደ እኔ «ስጋ በላሁ» ብለው ይሄዳሉ። በአራተኛው ቀን ነጭ ሰሌዳ ገዝቼ፣ ፓኮው ጀርባ ላይ ያለውን በአማርኛ ጻፍኩበት። ፕሮቲን ከአንድ እንቁላል በታች። ስብ አሥራ ሦስት ግራም። ጨው፣ የቀኑን ሩብ ያህል፣ በአንድ ፍሬ። ከሥሩ ደግሞ «ለአንድ ሰው በቀን ከአንድ በላይ አልሸጥም። ግፊትዎን ይለኩ» ብዬ ጻፍኩና መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት።

ማርቆስ አይቶ ራሱን ያዘ።

«እጅሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ብትሸጪ ምን አለበት? የገዛ ዕቃሽን ስም ታጠፊያለሽ?»

«ስሙን አላጠፋሁም። የተጻፈውን አነበብኩ።»

«ሰው ይሸሻል።»

«ይሽሽ።»

ሸሸም። በመጀመሪያው ሳምንት መጥበሻው ቀዝቅዞ ዋለ። አንድ ጎረምሳ ሁለተኛ ሆት ዶግ ስከለክለው «ገንዘቤ ነው፣ ምን አገባሽ!» ብሎ ጮኸብኝ፤ «ሱቁ የእኔ ነው» አልኩት፤ ማዶ ካለው ሱቅ ሄዶ ገዛ፤ ገዝቶ መስኮቴ ፊት ለፊት ቆሞ እያየኝ በላው። አንድ ጠዋት ስመጣ ደግሞ ሰሌዳው የለም። ፍሪጁ ኋላ ተደብቆ አገኘሁት። ቁልፍ ያለው ከእኔ ሌላ ማርቆስ ብቻ ነው። መልሼ ሰቀልኩት። ማታ ቤት ስገባ የሆነውን ነገር አንስቼ አልተጣላሁም፤ ሲስተር ወርቅነሽ ያዋሱኝን የግፊት መለኪያ ጠረጴዛ ላይ አደረግኩና «ክንድህን» አልኩት።

«እኔ ምንም የለብኝም።»

«እኔም ምንም አልነበረብኝም። ክንድህን አምጣ፣ ከዚያ ሰሌዳውን የፈለግክበት ጣለው።»

መቶ ስድሳ፣ በመቶ። ደግሜ ለካሁት፤ ያው ነው። በማግስቱ ሚኒባሱን አቁሞ ተመርምሮ መጣ። ስለ ሰሌዳው ከዚያ ቀን ወዲያ ቃል አልተናገረም፤ ወጣችንም ያለ ጨው ሲቀርብ «ምን ጎደለው» ብሎ አያውቅም። ሐይቁ ዳር ሄዶ በሳምንት ሁለቴ ዓሣ ያመጣልኛል፤ በሎሚና በቃሪያ ጠብሼ፣ ጨው ሳላስነካው፣ ዳቦ ውስጥ እያስገባሁ ሱቄም ላይ መሸጥ ጀመርኩ።

አቶ ገረመው፣ ሆት ዶጉን በካርቶን የሚያቀርብልኝ ሰውዬ፣ ስለ ሰሌዳው ሰምቶ መጣ። መኪናውን በሩ ላይ ደቅኖ ሳይወርድ ጮኸ።

«ትርሲት! ይኼን ነገር አውርጂ። ሌሎቹ ደንበኞቼ እየጠየቁኝ ነው።»

«ምኑን?»

«ይኼን ውሸት!»

ፓኮ ይዤ ወጣሁና በመኪናው መስኮት አቀበልኩት። «የራስዎ ዕቃ ነው፣ አቶ ገረመው። ከሰሌዳው የትኛው ቃል ውሸት እንደሆነ ያሳዩኝና በእጄ እሰርዘዋለሁ።»

መነጽሩን አደረገ። አነበበ። ሰሌዳውን አየ፣ መልሶ ፓኮውን አየ። ሰዎች ቆመው ያዩን ነበር።

«ከእንግዲህ ዕቃ አላወርድልሽም» አለ በመጨረሻ።

«ከሌላ እወስዳለሁ። የዚያኛውንም ጀርባ አነባለሁ።»

ሄደ። ዱካዬ ላይ ተቀምጬ ውሃ ጠጣሁ። ቆመው ካዩት መሃል አንዲት የባንክ ሠራተኛ ጠጋ ብላ «እኔም ማጅራቴን ያመኛል» አለችኝ። መለኪያውን አወጣሁ። እዚያው መስኮቱ ላይ፣ ክንዷን በባንኮኒው አሳልፋ፣ ለካኋት። ደህና ነበረች፤ ተለክታ ስለማታውቅ ግን ደስ ብሏት እንደ ሕፃን ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ የሚሰለፈው ለዳቦ ብቻ አይደለም።

ለሚያነበኝ የምለው ይህ ነው። ራስሽን ሲያምሽ፣ ራስህን ሲያምህ፣ ክሊኒክ ገብታችሁ ሳትለኩ አትውጡ። «ወጣት ነሽ» ቢሉ፣ «ተበላሽቷል» ቢሉ፣ ሌላ ቦታ ሂዱ። የምትበሉትን ነገር ፊቱን አይታችሁ አትመኑ፤ ገልብጡት። ማንበብ ካልቻላችሁ የሚያነብ ጠይቁ፤ አያሳፍርም። ሆት ዶግ መርዝ ነው አልልም፤ ብል ኖሮ አልሸጠውም። የዕለት ምግብ አይደለም ነው የምለው።

ባለፈው ሰኞ የዓመት ቀጠሮዬ ነበር። ዶክተር ሳምራዊት የደም ውጤቴን ካለፈው ጋር ጎን ለጎን አድርጋ ብዙ ጊዜ አየች። ግፊቴ መቶ ሃያ ስምንት በሰማንያ ነው። ዓይኔ ውስጥ የነበረው ደም ጠፍቷል። «ኩላሊቴስ?» አልኳት።

«ቆሟል» አለችኝ። «አልተባባሰም።»

«የጠፋው አይመለስም?»

«አይመለስም። የቀረው ግን የእርስዎ ነው።»

«አልሰጠውም» አልኳት። ሳቀች።

ከሆስፒታሉ በር ባጃጅ ይዤ በቀጥታ ሱቄ ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ሰው መስኮቱ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ሽርጤን አሰርኩ፣ መጥበሻውን አበራሁ። ከፊት የቆመው፣ ክራቫት ያደረገ ወፍራም ሰውዬ፣ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አንብቦ ጨርሶ ፈገግ አለብኝ።

«እሺ፣ ገብቶኛል» አለ። «ሁለት ስጪኝ።»

«አንድ» አልኩት።